ዳኛው ዱርዬ አይደለም፣ ሥራ ፈት ነው

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ላይፕሲግ በረዶ በበረዶ ሆናለች። የድሬን ሙቀት ስራገም የኖርኩትን ይቅር በሉኝ።

ማሙሽ በስልክ ሁሉንም ነግሮኛል። ውሻችን ዳኛው የጎረቤት ዶሮ በልቷል። የአባዬን ነጠላ ጫማ አኝኮ ጨርሷል። ጭራሽ የግቢውን መቀርቀሪያ በአፍንጫው ከፍቶ ቀፊራ ገበያ ድረስ ሄዷል። አንቺም ቀን ቀን ኒሙ ሥር በሰንሰለት አስረሽው፣ መጋዘን ለሚያስጠብቀው ሰውዬ ልትሰጪው ቆርጠሻል አሉ። ስለ ዶሮዋ ምንም አልከራከርም፣ ዋጋዋን እልካለሁ። ግን እማዬ፣ መቀርቀሪያ የሚከፍት ውሻ እኮ ጭንቅላት አለው። ጭንቅላት አለው፣ ሥራ ግን የለውም። ጣጣው ይኸው ነው።

ጠዋት ጠዋት የአንዲት አሮጊት ውሻ አንሸራሽራለሁ ብዬሽ ነበር። አትሳቂ፣ ይከፈለኛል። እዚህ ጀርመን ሰው ለውሻው ግብር ሳይቀር ይከፍላል። ውሻዋ ቦርደር ኮሊ የሚሉት የበግ እረኛ ዘር ነው። መጀመሪያ ሰሞን ጉልበቱ ይለቅ ብዬ አንድ ሰዓት ተኩል አስሮጠው ነበር። እኔ ትንፋሼ ተቆርጦ ስቀመጥ እሱ የሶፋውን ጠርዝ ይዘለዝላል። ሴትየዋ ሳቀችብኝና የድሮ ፎጣ አመጣች። ውስጡ ብስኩት በተን በተን አድርጋ ጠቀለለችው፣ ከዚያ ቋጠረችው። ውሻው አሸተተ፣ በእግሩ ያዘ፣ በአፍንጫው ገፋ፣ ቋጠሮውን በጥርሱ ጎተተ። አስር ደቂቃ ቢፈጅበት ነው። ከዚያ ተጋድሞ እንቅልፉን ለጠጠ። እኔ ለካ በሩጫ ጡንቻውን ብቻ ሳጠነክርለት ነው የከረምኩት!

ስለዚህ የዳኛውን ምግብ በሳህን አታቅርቡለት። ይፈልገው። ማሙሽ ባዶ ሃይላንድ ወስዶ ክዳኑንም ቀለበቱንም ያውጣ፣ ድርቆሽ ሰባብሮ ይክተትበት። ዳኛው እያንከባለለ ያራግፈዋል። ፕላስቲኩን ማኘክ ሲጀምር ግን ወዲያው ውሰዱበት። የወጥ ትራፊ አይሆንም፤ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ይሰነጠቅና ጉሮሮውን ይወጋዋል።

ሽርሽሩ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይሁን፣ ፀሐይዋ ሳትከር። ወደ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ይውሰደውና ገመዱን ላላ አድርጎ ያሽትት፤ ማሙሽ «ና፣ ና» እያለ አይጎትተው። እኛ ሰፈር ዞረን ወሬ እንደምንቃርም፣ እሱም ማን እንዳለፈ በአፍንጫው ያነባል። ረፋድ ላይ ከሆነ ማሙሽ መጀመሪያ የእጁን ጀርባ አሸዋው ላይ ያሳርፍ፤ እጁ ካልቻለው የውሻውም መዳፍ አይችለውም። ደግሞ ከላይ በተራራው በኩል ከጠቆረ ማንም ወንዙ ውስጥ እንዳይገባ። የ1998ቱን የጎርፍ ሌሊት ላንቺ አልነግርሽም።

ድብብቆሽም ይወዳል። ማሙሽ ከሮቶው ጀርባ ይደበቅና ይጥራው።

አሁን አንድ ነገር ላጫውትሽ። እዚሁ ላይፕሲግ ያሉ ተመራማሪዎች ሪኮ የሚባል ቦርደር ኮሊ ፈትነው፣ በፈረንጅ 2004 ውጤቱን አሳትመዋል። ከ200 በላይ ዕቃ በስም ለይቶ ያመጣ ነበር። ሰምቶት የማያውቀውን ስም ሲጠሩለት ደግሞ ከሚያውቃቸው ዕቃዎች መሃል አዲሱን አንስቶ ይመጣል። ዳኛው ሪኮ ይሁን አላልኩም። ግን «ኮፍያ» እና «ኳስ» መለየት አያቅተውም። አንድ በአንድ ይማር፣ ከአምስት ደቂቃ አይለፍ፣ ገና ሳይሰለቸው ይቁም። አባዬ ቢያስተምረው ጥሩ ነው። እሱም ጡረታ ከወጣ ወዲህ ግቢውን እየዞረ ይቆጥራል አይደል የምትሉኝ?

ውሻውን በጣም የተከራከርኩለት ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ወረቀት ስጠብቅ ካምፕ ውስጥ ስምንት ወር ተቀምጫለሁ። ምግብ አለ፣ አልጋ አለ፣ ሥራ ግን የለም። ያኔ በስልክ «ደህና ነኝ፣ እያረፍኩ ነው» ስልሽ፣ ከአልጋዬ አጠገብ ያለውን የግድግዳ ቀለም በጥፍሬ ስልጥ ነበር የምውለው። በሁለተኛው ወር ትንሽ ነበር። ስወጣ እንጀራ የሚያህል ቦታ ተራቁቷል። ከክፍሉ ልጆች ጋርም በማይረባ ነገር ተጣልቻለሁ። ያኔ ያየኝ ሰው ዱርዬ ይለኝ ነበር። ይህን ነግሬሽ አላውቅም፣ አሁንም አትዘኚ፣ አልፏል።

እና ለሰውዬው ትንሽ ቆይ በይው። አንድ ወር ብቻ ስጪኝ። የእብድ ውሻ ክትባቱ አልፎበት ከሆነም ንገሩኝ፣ ከዶሮዋ ጋር አብሬ እልካለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። እኔ ስወጣ ዳኛው ደረቴ ላይ የሚተኛ ቡችላ ነበር። ማታ ግቢው ጭር ሲል ስሜን ጥሪለትና ወዴት እንደሚያይ ጻፊልኝ።

ልጅሽ