አባባ፣ ስለ ነጯ ቶዮታ ዲኤክስ

አዲስ አበባ፣ መጋቢት 2018 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ፣

እንደምን ከርመዋል አባባ? እኔም ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብዳቤ መጻፌ ይገርምዎት ይሆናል። በስልክ ሲሆን "አይዞሽ፣ ደህና ነኝ" ብለው ይዘጉታል፤ እኔም ልናገር ያሰብኩት ይጠፋብኛል። ፊደሉን ሆን ብዬ ነው ያተለቅሁት። ለሰው ሳይሰጡ ራስዎ ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

ማክሰኞ "መኪናዋን ልሸጣት ነው፣ የቤንዚን ሰልፍ አስመረረኝ" አሉኝ። ውክልና እንድልክም ጠየቁኝ። እልካለሁ። በትዳር የተገዛች ስለሆነች ግማሿ የእማዬ ነው፤ ያለ ወራሾች ፊርማ አትሸጥም። ፍርድ ቤት የሰጠን የወራሽነት ማስረጃ እማዬ ሣጥን ውስጥ አለ። የወንድሜንም ፊርማ እኔ አመጣዋለሁ። እርስዎ እንዳይደውሉለት።

ደላላው ዋጋ ስለጠራልዎት ብቻ አይቸኩሉ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ደባርቅ ወይም መተማ ለሚመላለስ ሰው ገና አይሆንም። ሞተሯ ያልተከፈተ፣ መለዋወጫዋ እንደ ልብ የሚገኝ ዲኤክስ የሚፈልግ ብዙ ነው። ደላላው ከሻጭም ከገዢም ስለሚቀበል ቶሎ ማለቁን ነው የሚፈልገው። ገዢው የራሱን መካኒክ ይዞ ይምጣ። ኮፈኑን ይክፈት፣ ከሥር ገብቶ ይይ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያመሳክር። እርስዎ ደብተሩን ብቻ ያሳዩት። ዘይት በየ3 ሺህ ኪሎ ሜትሩ፣ ፍሬን ሸራ፣ ፍሪሲዮን፣ ባትሪ፣ ሁሉም ቀን በቀን ተጽፏል። እንዲህ ያለ ደብተር ያለው ሻጭ ዋጋውን ለመናገር ማፈር የለበትም።

አንድ ነገር አደራ። "ስሙን በኋላ አዛውራለሁ፣ ለጊዜው ውክልና ይስጡኝ" የሚል ገዢ ከመጣ እሺ እንዳይሉ። ብዙ ሰው እንዲህ አድርጎ ሸጦ ከዓመት በኋላ ፍርድ ቤት ሲጠራ ይደነግጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት፣ ሌላ ሰው ነድቷትም ቢሆን፣ ላደረሰችው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ሊብሬው በስምዎ እስካለ ድረስ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት። ውሉ ውልና ማስረጃ ይፈረም፣ ስሙ ይዛወር፣ ገንዘቡ በባንክ ወይም በሲፒኦ፣ ማለትም ባንክ በሚሰጠው የክፍያ ማዘዣ፣ ይሁን። ቤት ውስጥ ብር አይቁጠሩ። ልሞክራት ለሚልም ቁልፉን ብቻ አይስጡት፣ የሚያምኑት ሰው አብሮት ይሂድ።

ቀኝ ጎኗ ላይ ያለውን ጭረትም ለገዢው ይንገሩት። ለጥምቀት ጎንደር ስመጣ "ፒያሳ አቁሜያት ሰው ጫረብኝ" ብለውኝ ነበር። ዝም አልኩ። ጭረቱ ውስጥ አረንጓዴ ቀለም አለ አባባ። የግቢያችን በር ቀለም ነው።

ትልቁ ስምንተኛ ክፍል ደርሷል፤ ለሚኒስትሪ እየተዘጋጀ ነው። ትንሿ ጥርሷን ነቅላለች። እርስዎ የላኩላትን ዳቦ ቆሎ ለማንም አላካፍልም ብላ ትራሷ ሥር ደብቃ ነበር። በየቀኑ "አባባ መቼ ነው የሚመጡት?" ትለኛለች።

ወደ ጭረቱ ልመለስ። በዚያ በር ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ፣ እማዬ ወርቋን ጨምራበት በ62 ሺህ ብር ከገዟት ጊዜ አንስቶ፣ በጨለማም በዝናብም ወጥተው ገብተውበታል። ሊማሊሞን ሁለት ጊዜ ወርደውባታል። ሌሊት በወባ ስቃጠል ሆስፒታል ያደረሱኝም በእሷ ነው፤ ውለታዎን አልረሳም። አንድ ቀን ቀለሟ ተነክቶ አያውቅም። አሁን በሩ አልጠበበም። ከጎን የሚመጣውን እያዩት አይመስለኝም። ጥምቀተ ባሕር ስንሄድም በቀኝዎ ቆሜ እጄን ዘርግቼልዎት አላዩኝም።

አያቴን ልጅ ሆኜ በእጅ የመራኋት እኔ ነኝ። ስለዚህ ፈራሁና እኔም ተመረመርኩ። ሐኪሟ ግላኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ በዘር እንደሚሄድ ነገረችኝ። ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም፣ እይታን ከዳር ከዳር ነው የሚሰርቀው። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን በጠብታ ወይም በኦፕራሲዮን ማቆየት ይቻላል። ቤንዚኑን ምክንያት ያደረጉት እንዳንጨነቅ ብለው መሆኑ ይገባኛል። ግን ከዛሬ ጀምሮ አይንዱ። ወፍጮ ቤትም ቢሆን። ያ ቁልቁለት የተማሪ መንገድ ነው።

ሌላም አለ። ይህንን ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል።

የሰፈሩን ሙሽራ ሁሉ በእሷ ነው ያደረሱት። ለቤንዚን እንኳን አይቀበሉም ነበር። እኔ ግን ጥር 17 ቀን 2001 ዓ.ም. በኪራይ መኪና ሄድኩ። ዲኤክሷ ሸራ ለብሳ ግቢ ውስጥ ቆማ ነበር። እርስዎ ከጓዳ አልወጡም። እማዬ "ራሱን አሞት ነው" ስትል ሰማኋት። ፋሲል ግንብ ፎቶ ስንነሳ ሁሉም ሳቂ ሳቂ ይሉኛል፣ እኔ የግቢውን መግቢያ አያለሁ። ባለቤቴን እንዳልወደዱት ዐውቅ ነበር። ዛሬ "የኔ ልጅ" ይሉታል፤ እሱም ያንን ቀን አንስቶት አያውቅም። እኔ ነኝ ያልተውኩት። የጎረቤት ልጅ ስትዳር ሽንጥዎን ገትረው ያደረሱ ሰው ለእኔ እንዴት ይጨክናሉ? እያልኩ አሥራ ሰባት ዓመት ተቀይሜዎታለሁ።

ጥምቀት ዕለት እርስዎ ተኝተው ሳለ ደብተሩን አገላበጥኩት። በእጅዎ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ "ጥር 16። ዘይት ተቀየረ። ታጠበች። ነጭ ሪቫን 3 ሜትር።"

አባባ፣ አዘጋጅተዋት ነበር። ከቅዳሜ እስከ እሑድ ጠዋት ምን ተፈጠረ? ማን ምን አለዎት? ልወቅስዎት አይደለም። እሑድ ዕለት አንድ ሰው ሪቫኑን ቢነግረኝ ኖሮ እስከ ዛሬ አልቀየምም ነበር። ደብተሩን ለገዢው እንዳያስረክቡት። ያሳዩትና ይመልሱት፤ እኔ ነኝ የምወስደው።

መንገዱ ስለማያስተማምን ቅዳሜ በአውሮፕላን እመጣለሁ። አዘዞ ድረስ ሊቀበሉኝ እንዳይነዱ፤ በታክሲ እደርሳለሁ። ሰኞ ጠዋት ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሉ ዓይን ክፍል በእሷው እንሄዳለን። እኔ እነዳለሁ። የበሩን ሁለቱንም መዝጊያ እርስዎ ይከፍቱልኛል።

ልጅዎ