ዝም ብሎ ማጥፋት እርማት አይደለም

ውድ አዘጋጅ፣

በማኅበራዊ ሚዲያ ስለ ፖለቲካ መጻፍ ለሚጀምሩ ሰዎች በቅርቡ ያወጣችሁትን ምክር አነበብኩት። ቶሎ ቶሎ ለጥፉ፣ ትኩስ ጉዳይ አያምልጣችሁ፣ ርዕሱን አጓጊ አድርጉት ይላል። ተከታይ ለማብዛት ይሠራል፣ አልክድም። ግን ጀማሪን ገደል የሚከተው ይኸው ጥድፊያ ነው። እኔም የወደቅኩት በሱ ነው።

ከጀመርኩ ሦስት ወር እንኳ አልሞላኝም ነበር። ፖሊስ ሰልፈኞችን ሲደበድብ የሚያሳይ ቪዲዮ አንድ ሰው ኢንቦክስ ላከልኝ። ደሜ ፈላ። «ዛሬ የሆነውን ተመልከቱ» ብዬ ለጠፍኩት። ሼሩ እየጨመረ ሄደ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስልኬ ላይ አፍጥጬ አደርኩ። ጠዋት አንዲት ተከታዬ ቪዲዮው ዓመታት ያለፉት መሆኑን፣ የተቀረጸውም ሌላ አገር መሆኑን ከነማስረጃው ኮሜንት ላይ አስቀመጠችው። እኔ ምን አደረግኩ? ኮሜንቷን አጠፋሁ፣ እሷን ብሎክ አደረግኩ፣ ፖስቱንም አንስቼ ምንም እንዳልተፈጠረ ሌላ ነገር ለጠፍኩ።

ስክሪንሾቱ ግን ሰው እጅ ገብቷል። ከዚያ በኋላ የተጣራ ነገር ይዤ ስጽፍ እንኳ ከሥር የሚመጣው ያ ስክሪንሾት ነው። በእውነት የተደበደቡ ሰዎችን ጉዳይ ሳነሳ «ይሄም የሌላ አገር ነው?» ይሉኛል። እኔ ብዋረድ ግድ የለም፤ የሚያመኝ የተበደሉት ሰዎች በኔ ስህተት አለመታመናቸው ነው።

ይሄ የኔ ብቻ ችግር አይደለም። ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2017 ትዊተር ላይ የተሰራጩ 126,000 ያህል ወሬዎችን መርምረው በ2018 ባወጡት ጥናት፣ ሐሰተኛው ከእውነተኛው ይልቅ እንደገና የመጋራት ዕድሉ በ70 በመቶ ይበልጥ ነበር። ከሁሉ የባሰው ደግሞ የፖለቲካው ነው። ለልዩነቱ ተጠያቂዎቹም ቦቶች (በራሳቸው የሚለጥፉ አካውንቶች) ሳይሆኑ ሰዎች ናቸው። እንደኔ ደማቸው የፈላ ሰዎች ማለት ነው።

አንዳንዴ ጉዳቱ ከስም መጥፋት ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ውስጥ የቦስተን ማራቶን ላይ ቦምብ ከፈነዳ በኋላ፣ ሬዲት በተባለው የውይይት ድረ ገጽ ላይ «አጥቂውን እናግኝ» ያሉ ሰዎች ጠፍቶ የሚፈለግ አንድ ተማሪ ላይ ጣታቸውን ቀሰሩ። ልጁ ከነገሩ ንጹሕ ነበር። በኋላም ሞቶ ተገኘ። ልጃቸውን እየፈለጉ በጭንቅ ላይ የነበሩት ቤተሰቦቹ ያን ሁሉ ስድብ ተቀበሉ። ስለዚህ ጀማሪ ሆይ፣ በወንጀል የጠረጠርከውን ሰው ፎቶ ከነስሙ አትለጥፍ። በቃ፣ አትለጥፍ።

ማጣራት ደግሞ የተፈራውን ያህል ከባድ አይደለም። ከቪዲዮው አንድ ምስል ቆርጦ በምስል መፈለግ በሚቻልባቸው ጉግል ሌንስ ወይም ቲንአይ ላይ መፈለግ ደቂቃዎችን ቢወስድ ነው። የሱቅ ማስታወቂያውን፣ የመኪና ታርጋውን፣ የፖሊሱን ዩኒፎርም፣ ዝናብ ነው ፀሐይ የሚለውን ማየት ነው። ያን ቀን እኔ ታርጋውን ብቻ ባይ ይበቃኝ ነበር።

ገንዘብንም ጽሑፋችሁ ዘሎታል። በመስከረም 2024 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር የሩሲያ መንግሥት ሚዲያ የሆነውን የአርቲን ሁለት ሠራተኞች ሲከስ፣ ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ታዋቂ ተንታኞችን በሚያሠራ አንድ የአሜሪካ ኩባንያ በኩል በድብቅ አፍስሰዋል አለ። ተንታኞቹ የገንዘቡን ምንጭ አናውቅም ነበር ብለዋል። እነዚያን የሚያህሉ ሰዎች ካላወቁ፣ «ይህን አጀንዳ ግፋልን፣ እንከፍልሃለን» የሚል ኢንቦክስ የደረሰው ጀማሪ ምን ያውቃል? ከፋዩ ማን እንደሆነ ለተከታዮችህ በግልጽ መናገር ካልቻልክ ገንዘቡ ይቅርብህ።

ተሳዳቢ ሁሉ መልስ አይገባውም፤ እሱን ጊዜ ያስተምራል። የስህተት ነገር ግን ጊዜ አይሰጥም። እርማቱ ስህተቱ ያለበት ቦታ ላይ መጻፍ አለበት፣ ከላይ፣ «ተሳስቻለሁ፣ ትክክለኛው ይሄ ነው» ተብሎ። ጽሑፉን ማስተካከል ካልተቻለ እርማቱን ኮሜንት ላይ ፒን ማድረግ ይቻላል። ሰው ላይ ጉዳት የሚያመጣ ከሆነ አጥፉት፣ ግን ለምን እንዳጠፋችሁት ንገሩ። እርማቱን ከመጀመሪያው ፖስት በጣም ያነሰ ሰው ነው የሚያየው፣ የኔንም ያየው ጥቂት ነው። ቢሆንም ያን ስክሪንሾት ለሚያመጣው ሁሉ አሁን የማሳየው ነገር አለኝ።

በምክራችሁ ውስጥ ስለ እርማት አንድ መስመር እንኳ አላገኘሁም። በሚቀጥለው ብትጨምሩበት ደስ ይለኛል። እኔም ይቅርታዬን ዘግይቼም ቢሆን ጽፌ ገጼ አናት ላይ ፒን አድርጌዋለሁ። ያቺን ተከታዬንም ከብሎክ አውጥቼ መልእክት ልኬላታለሁ፣ እስካሁን አልመለሰችልኝም።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አንባቢያችሁ