ኳሱን እይ፣ ብር አታስይዝበት

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ማሙሽዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ብርዱ ሲጀምር የአባትህ ጉልበት ትንሽ አስቸገረው እንጂ ሌላ የለም። ዛሬ ሚካኤል ነው፤ ወደ ሥራ ስሄድ ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ስምህን አንስቼ ጸልዬ መጣሁ። ቅዳሜ 21 ዓመት ይሞላሃል። እንኳን አደረሰህ የኔ ጌታ። እደግ፣ ተመንደግ።

ይህን በስልክ ልነግርህ ነበር። በስልክ ግን "እሺ እማ፣ እሺ እማ" እያልክ ታልፈኛለህ። ስለዚህ ጻፍኩት።

ሰምቻለሁ። በጓደኛህ ስልክ እየገባህ ኳስ ላይ፣ በዚያ በአሜሪካው ፉትቦል ላይ፣ ብር እንደምታስይዝ ሰምቻለሁ። ማን ነገረሽ አትበለኝ። እህትህ አይደለችም። ቅዳሜ ዕድሜህ ሲደርስ ደግሞ በራስህ ስም የውርርድ አካውንት ልትከፍት ቀን እየቆጠርክ ነው አሉ። ኢንዲያና ውስጥ ከ2019 ጀምሮ እንደተፈቀደ አውቃለሁ፤ 21 የሞላው ሰው ማንም አይከለክለውም። ሲጋራም አይከለከልም።

ኳሱን እይ። ብር አታስይዝበት።

አባትህ አያውቅም። እንዲያውቅም አልፈልግም፤ ደም ግፊቱን ታውቃለህ። በመስከረም "ለመጽሐፍ" ብለህ የወሰድከውን ገንዘብም አላነሳብህም። መጽሐፉን ግን ለገና ስትመጣ ይዘኸው ና፤ እኔም ላንብበው።

አሁን "እማ ስለ ፉትቦል ምን ታውቃለች" ትል ይሆናል። አንተ ብሉሚንግተን፣ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ፣ ከሄድክ ወዲህ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የቢግ ቴንን፣ የዚያን የእናንተን የ18 ዩኒቨርሲቲዎች ሊግ፣ የደረጃ ሰንጠረዥ ሳላይ ቡና አላፈላም። ስለ ትምህርትህ ስጠይቅህ የምትመልሰው ሁለት ቃል ነው። ስለ ኢንዲያና ስጠይቅህ ግማሽ ሰዓት ታወራለህ። ድምፅህን ለመስማት ስል ተማርኩት። መጀመሪያ ላይ ለምን በየደቂቃው እንደሚቆሙ እንኳ አይገባኝም ነበር። አሁን አባትህ አርሴናልን ሲያይ እኔ በስልኬ የእናንተን አያለሁ።

እና እንዴት አያስደስት! ሰባት ጨዋታ፣ ሰባት ድል። ኢንዲያና ከ1967 ወዲህ እንዲህ ጀምሮ አያውቅም። አምና እኮ ከ12 ጨዋታ 3 ብቻ ያሸነፈ ቡድን ነው። ኔብራስካን 56 ለ 7 ሲያሸንፍ እኔ እዚህ ኩሽና ውስጥ እልል ብዬ እህትህ ደንግጣ መጣች። አሁን ከላይ ያላችሁት እናንተና ኦሪገን ናችሁ፤ ሁለታችሁም ሰባት ከሰባት። ፔን ስቴት ስድስት ተጫውቶ አልተሸነፈም። ኦሃዮ ስቴት የተሸነፈው አንድ ጊዜ፣ እሱም በአንድ ነጥብ ነው። ኢሊኖይም አለ፤ ማንም ሳያየው 6 አሸንፎ 1 ተሸንፎ ተቀምጧል።

አሰልጣኛችሁ ሲግኔቲ ነገርማ ያስቀኛል። ከየት መጣ? ከሃሪሰንበርግ፣ ከእኛው ቨርጂኒያ፣ ከጄምስ ማዲሰን። እዚያ ተማር ብዬ የለመንኩህ ትምህርት ቤት! ሁለት ሰዓት መንገድ፣ ክፍያውም የቨርጂኒያ ነዋሪ ክፍያ። አይ ብለህ አሥር ሰዓት ርቀህ ሄድክ። እሱም ከአሥር በላይ ተጫዋቾቹን ይዞ ተከተለህ። እኔ ግን አሁንም በሁለቱ ክፍያዎች መካከል ያለውን ልዩነት በየወሩ እያየሁት ነው።

እስቲ ልጠይቅህ። ሐምሌ ላይ ጋዜጠኞቹ 18ቱን ቡድን በደረጃ ሲገምቱ ኢንዲያናን ስንተኛ አደረጉት? 17ኛ። እነዚህ ሰዎች ሥራቸው ይኼው ነው፤ እንጀራቸው ነው። ሚሺጋን ደግሞ ባለፈው ታኅሣሥ መጨረሻ ዋሽንግተንን 34 ለ 13 አሸንፎ የአገሩን ዋንጫ የወሰደ ቡድን ነው። ቅዳሜ በኢሊኖይ 21 ለ 7 ተሸነፈ። እዚህ አጠገባችን ያለው ሜሪላንድ በኖርዝዌስተርን 37 ለ 10 ተቀጠቀጠ፤ ሰዉ ሁሉ ተስፋ ቆረጠበት። በሳምንቱ የዩኤስሲን ፊልድ ጎል፣ በእግር የሚመታውን ኳስ፣ አግዶ 29 ለ 28 አሸነፈ። ይህን ማን አወቀ? አንተ አውቀህ ነበር? ካወቅህ ለምን አልነገርከኝም፣ እኔም ሥራ ልተው ነበር።

ብዙ ማወቅህ ነው የሚያስፈራኝ፣ ማሙሽ። የማያውቅ ሰው አምስት ዶላር ይጥልና ይስቃል፣ ይረሳዋል። አንተ ግን ማን ስንት ያርድ እንደሮጠ፣ ማን ስንት እንደያዘ በቃልህ ነው የምትለው። እንደሱ የሚያውቅ ሰው ሲሸነፍ "ትንሽ ነው የሳትኩት" ይላል። "በሚቀጥለው አገኘዋለሁ" ይላል። ይህን ቃል ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ።

ሳሎን ያለውን ፎቶ ታውቀዋለህ። አያትህ ቁጭ ብለው፣ ከፊታቸው ሲንጀር የስፌት መኪና። ትንሽ ልጅ ሳለህ "መኪናው የት ሄደ?" ብለህ ጠይቀኸኝ "አረጀ" ብዬህ ነበር። አላረጀም። አጎትህ ነው ያስያዘው።

ያ ወንድሜ ጉለሌ ሰፈር ውስጥ በሒሳብ የሚችለው አልነበረም። ካርታ ሲጫወቱ የወጣውን ሁሉ በጭንቅላቱ ይይዛል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ይናገራል። ሰዉ ከኋላው ቆሞ ያየው ነበር። መጀመሪያ ሲያሸንፍ ለኔ ሸራ ጫማ ገዛልኝ። ነጭ፣ ጫፉ ላይ ሰማያዊ መስመር ያለው። ትምህርት ቤት አድርጌው ስሄድ መሬት አልረገጥኩም ነበር ማለት ይቻላል። ለእማማ ነጠላ ገዛላት። እማማ ከየት እንደመጣ ታውቃለች፤ ግን ለበሰችው። ከዚያ ከጠጅ ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍል ማታ መምጣቱን ተወ። በማግስቱም አይመጣም።

ያስያዘው ነሐሴ ላይ ነው። ለልብስ ሰፊ ነሐሴ ምን እንደሆነ አንተ አታውቅም። የዩኒፎርም ወር ነው። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ተለክቶ፣ ካኪው ተቆርጦ፣ ክምር ሆኖ መኪናው አጠገብ ተቀምጧል። አባባ ከገበያ ሲመጡ ካኪው አለ፣ መኪናው የለም። ወለሉ ላይ እግሮቹ የነበሩበት አራት ምልክት ነው ያለው። ምንም አልተናገሩም። ካኪውን በጆንያ ጠቅልለው ተሸከሙና ሌላ ሰፊ ዘንድ ሄደው፣ በሰው መኪና፣ ገቢውን ለሁለት እየተካፈሉ ሰፉት። እስኪሞቱ ድረስ የራሳቸው መኪና አልነበራቸውም።

ወንድሜ በዚያው ጠፋ። አንዴ ድሬዳዋ ነው ሲሉ ሰማን፣ አንዴ ጅማ። የአባባ ቀብር ላይ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆሞ አየሁት። ልጠራው ስል ለቀስተኛው መሃላችን ገባ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም። ከሱ በላይ ካርታ የሚያውቅ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም።

ምን ልልህ ነበር? አዎ፣ ጎማው። የኋላ ቀኙ ሳስቷል ብለኸኛል። በረዶ ሳይጥል ቀይረው። ደግሞ ጉንፋን መከላከያውን ተወጋ፤ እዚያው ካምፓስ ውስጥ ይወጉሃል፣ ሥራ በዝቶብኛል አትበለኝ።

ሒሳቡንም ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ። 100 ዶላር ለማትረፍ 110 ታስይዛለህ። አንዱን ብታገኝ፣ አንዱን ብትስት፣ ከኪስህ 10 ዶላር ወጥቷል። ግማሹን በትክክል የሚያውቅ ሰው ከሳሪ ነው ማለት ነው። ሳትከስር ለመውጣት ብቻ ከመቶ ከ52 በላይ ማግኘት አለብህ። አምስት ጨዋታ አንድ ላይ አድርገህ ስትቆርጥ ደግሞ አራቱ ይሰምሩልህና አንዱ ያቃጥልሃል። ኦሪገንና ኦሃዮ ስቴትን አስታውስ። 32 ለ 31። የኦሃዮው ኳርተርባክ፣ ኳስ ወርዋሪያቸው ዊል ሃዋርድ፣ ኳሷን ይዞ ሮጠና ሩጫውን ለማቆም ብሎ ተንሸራተተ፣ ሰዓቱም አለቀ። አንድ ሰከንድ ቀደም ብሎ ቢንሸራተት ፊልድ ጎል ሊመቱ ነበር። የወር ቤት ኪራይህን ሰው በሚንሸራተትበት ሰከንድ ላይ ታንጠለጥላለህ?

ደግሞ ከሁሉም ያሳዘነኝ ሩርክ ነው። ያ የካናዳ ልጅ፣ የእናንተው ኳርተርባክ። ቅዳሜ ከኔብራስካ ጋር ሲጫወት የሚወረውርበትን እጁን አውራ ጣት ተጎዳ፤ ለጊዜው አይጫወትም ተብሏል። እኔ በሥራዬ አውራ ጣት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እሱን የተጎዱ ሽማግሌዎች የሸሚዛቸውን ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅታቸው እኔ ነኝ የምቆልፍላቸው። ስሰማ እናቱን አሰብኩ። አንተስ? መጀመሪያ ምን አሰብክ? እውነቱን ለራስህ ንገረው። "ትኬቴ" ካልክ ነገሩ ገብቶብሃል ማለት ነው።

እነዚህ ልጆች እኩዮችህ ናቸው፤ ፈተናም አለባቸው። ኳስ ሲያመልጣቸው የተበላ ሰው ሁሉ በስልካቸው ይሰድባቸዋል። የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ የኤንሲኤኤው ፕሬዚዳንት ቻርሊ ቤከር ባለፈው መጋቢት በእያንዳንዱ ተማሪ ውጤት ላይ የሚደረገው ውርርድ በሁሉም ክፍለ ግዛት ይከልከል ያሉት አንዱ ምክንያት ይኼ ነው። እዚህ ቨርጂኒያ በግዛቱ ኮሌጆች ጨዋታ ላይ ማስያዝ አይፈቀድም። ደግ አደረጉ።

ማየት ብቻ ስንት ደስታ አለው! የፔን ስቴቱን ታይለር ዋረን ዩኤስሲ ላይ አይተኸው የለ? የእኛው የሜካኒክስቪል ልጅ ነው። 17 ጊዜ ያዘ፣ 224 ያርድ። ያቺን ጨዋታ አራት ጊዜ ደጋግሜ አየኋት፤ መሃል ሆኖ ኳሷን ራሱ ወደ ኋላ ያቀብላል፣ ከዚያ ተነስቶ ይሮጥና ነጥብ የምታስቆጥረውን ኳስ ራሱ ይይዛታል። ብቻዬን ሳቅኩ። አንድ ሳንቲም አላስከፈለኝም።

ኳሱን እይ፣ ብር አታስይዝበት። ስንት ጊዜ አልኩህ? ገና እላለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ይሉ ነበር እናቴ። ቅዳሜ ያንን ነገር ስልክህ ላይ ከጫንክ ደግሞ የስልክህን ሒሳብ እኔ መክፈል አቆማለሁ። ቀልዴን አይደለም። እስካሁን የጠፋብህ ካለ፣ የተበደርከውም ካለ፣ ስንት እንደሆነ ንገረኝ። አልጮህም። ትንሽ እጮህ ይሆናል፤ ግን ንገረኝ። እንደ አጎትህ ተሸማቀህ እንዳትርቀኝ እንጂ ገንዘቡ ይከፈላል።

እህትህን አትቆጣት።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ከዋሽንግተን ጋር ናችሁ። የስፖርት ቴሌቪዥኑ ኢኤስፒኤንም ጠዋት እዚያው ካምፓሳችሁ ይመጣል አሉ። ከኋላ ቆመህ ሰሌዳ የምትይዝ ከሆነ በአማርኛ ጽፈህ ያዝ፤ እኛ እንለይሃለን። ካፖርትህን ልበስ። ቀዩን ሹራብ ብቻ ለብሰህ ወጥተህ ሳል ይዞህ እንዳትደውልልኝ። ሩርክ ባይኖርም ታሸንፋላችሁ ብዬ አስባለሁ፤ ያ ተቀያሪው ጃክሰን ልቡ ደህና ይመስለኛል።

ሐሙስ ዕቃ ይደርስሃል። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድርቆሽ አለ። ቅቤውን ቶሎ ፍሪጅ ክተተው። ዳቦውን አክስትህ ናት የደፋችው፤ ደውለህ አመስግናት፣ ቴክስት አይበቃም። ጨዋታው ሲያልቅ ደግሞ ለኔ ደውል። ማን ምን እንደሠራ ሁሉንም ንገረኝ፤ ለአባትህም ስፒከር ላይ አደርገዋለሁ።

እግዚአብሔር ይጠብቅህ።

እናትህ

ሳልረሳው፦ ዛሬ የላክሁልህ 200 ዶላር የጎማው ነው። የጎማው። ደረሰኙን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።