ዕድራችን አደረጃጀት ካልሆነ ምንድን ነው?

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ አደጋ ዝግጁነት ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ዘገባ አንባቢዎቻችሁ ስላዩት አልደግመውም። እኔን ብዕር ያስነሣኝ ስለ ድሬዳዋ በተጻፈው ክፍል ውስጥ ያለች አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት፦ «በወንዝ ዳር ሰፈሮች በማኅበረሰብ ደረጃ የተደራጀ የዝግጁነት መዋቅር የለም።» ይህን የሚያህል ፍርድ ሲሰጥ አንድ ባለሙያና አንድ የሥራ ኃላፊ ተጠይቀዋል። ደቻቱ ወንዝ ዳር የሚያድር ሰው ግን አንድም አልተጠየቀም።

እኔ ደቻቱ ዳር ካሉት ሰፈሮች በአንዱ የዕድር ጸሐፊ ነኝ። መዝገቡ የሚቀመጠው እኔ ቤት ነው። በየገጹ አባወራው ወይም እማወራዋ፣ የትዳር ጓደኛ፣ ልጆች፣ ቤት ውስጥ የሚጦሩ አባትና እናት በስም ተዘርዝረዋል፤ ለማን ሞት ስንት እንደምንከፍል የሚወሰነው በዚያ ዝርዝር ነውና። በየትኛው ቤት ከአልጋ የማይነሣ ሽማግሌ እንዳለ፣ የትኛዋ እናት ሕፃናቷን ይዛ ብቻዋን እንደምታድር መዝገቡን ገልጬ መናገር እችላለሁ። ድንኳን አለን፤ ብረት ድስትና አግዳሚ ወንበር አለን፤ ቃሬዛ አለን። ሌሊት ሰፈሩን ዞሮ የሚቀሰቅስ ጡሩንባ ነፊ አለን፤ ጡሩንባው ተነፍቶ ያልወጣ አባል ይቀጣል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም በአፎሻቸው እንዲሁ ተደራጅተው ይረዳዳሉ። የስም ዝርዝር፣ ንብረት፣ የማንቂያ ድምፅ፣ ደንብና ቅጣት ያለው አካል አደረጃጀት ካልተባለ ዘጋቢው ሲፈልግ የነበረው ምንድን ነው? ማኅተምና የስብሰባ አዳራሽ?

ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ሕዝቡን በተኛበት ሲወስደው ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ በሺዎች የሚቆጠሩም መጠለያ አጥተዋል። በማግስቱ በእኛ ሰፈር ማን እንደጎደለ የታወቀው በምን ይመስላችኋል? የዕድሩ መዝገብ ተገልጦ ስም እየተጠራ ነው። «አቤት» ያለ አለ፣ ዝም የተባለበትም ስም አለ። የእርዳታ እህል ሊያከፋፍሉ የመጡትም የቤተሰብ ብዛት ለማወቅ የጠየቁን ያንኑ መዝገብ ነበር። ሰጠናቸው፤ ሠሩበት፤ ሲመልሱት ሽፋኑ ተገንጥሎ ነበር፤ እሱንም በክር ሰፍተን አስቀመጥነው። በችግር ቀን የእኛን ወረቀት ይዘው ሥራቸውን የሠሩ ሰዎች በደኅናው ቀን ስለ እኛ ሲጠየቁ «አደረጃጀት የላቸውም» ቢሉ ያሳዝናል። ጋዜጠኛ ሳያጣራ ሲያትመው ደግሞ ያስቆጣል።

ዘገባው ውስጥ ያለችውን «የግንዛቤ እጥረት» የምትል ሐረግም ሳላነሣ አላልፍም። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው በእግሩ ይሻገርበታል፤ ይነገድበታል፤ እንስሳት ይነዱበታል። ጎርፉ የሚነሣው ከደንገጎና ከአካባቢው የሐረርጌ ደጋዎች ነው። ደጋው ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ ከተማችን 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች። ቁልቁለቱ ከባድ፣ ተራራውም የተራቆተ በመሆኑ ላይ የዘነበው ሳይውል ሳያድር ታች ይደርሳል። ድሬዳዋ ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወድቅ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል። በዚያ ላይ የሚመጣው በክረምት ብቻ አይደለም፤ ሚያዝያ 2012 ዓ.ም. በበልግ ዝናብ ሕይወት ጠፍቷል። ከ1998ቱ በኋላ የተሠራው የጎርፍ መከላከያ ግንብ ብዙ ጠቅሞናል፣ ይህን አልክድም፤ ግንብ ግን ተኝቶ ያለን ሰው አይቀሰቅስም። ይህን ሁሉ የደቻቱ ዳር ልጅ ሳይማር ያውቀዋል። የጎደለን ዕውቀት አይደለም። ደጋው ላይ ዝናቡ ሲከብድ ሌሊት ስልክ የሚደውልልን ሰው የለንም።

ይህንኑ በአንድ ሥልጠና ላይ ጠይቄያለሁ። ቆብና የታሸገ ውኃ ታድሎን፣ ፎቶ ተነሥተን፣ ስለ ግንዛቤ ሲነገረን ከዋለ በኋላ እጄን አወጣሁ፦ «ከላይ ለእኛ ማን ይደውላል? የመጣው ማስጠንቀቂያስ ለማን ይደርሳል?» መድረክ መሪው ጥያቄዬን ከሌሎች ጋር ደምሮ ጻፈውና ወደ ምሳ ተሄደ። በኋላ በደብዳቤ ጠየቅን። ደብዳቤያችን ገቢ ተደርጎ ቁጥር ተሰጠውና እዚያው ቀረ። ቁጥሩ ዛሬም በመዝገባችን ላይ አለ።

ለቤተሰብ የሰጣችሁት ምክር፣ ሰነዶችን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ማስቀመጥ፣ ባትሪና ደረቅ ምግብ ማዘጋጀት፣ ጥሩ ነው፤ ሰው ሁሉ ቢያደርገው እመኛለሁ። «ከፍ ወዳለ ቦታ ይውጡ» የሚለው ግን ለእኛ ሰፈር ሰው ምንም አልነገረውም። አንድ ክፍል ቤት ተከራይቶ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚኖር ቤተሰብ ፎቅ የለውም። የትኛው ግቢ? በሌሊት የግቢውን በር ማን ይከፍታል? የታመመችውን እናት የሚሸከማት ማን ነው? ደግሞም ሰው «ውጡ» ሲባል የሚያመነታበትን ምክንያት ዘገባው አልጠየቀም። ያለውን ሁሉ ያስቀመጠበትን ቤት ጥሎ ሲወጣ ሌባ እንዳይገባበት ይፈራል። ባለፈው ወጥቶ ጎርፉ ካልመጣ ደግሞ በሚቀጥለው አይወጣም። ቤት የሚጠብቁ ወጣቶችን መመደብ፣ ለእያንዳንዱ አቅመ ደካማ ሁለት ተሸካሚ በስም መወሰን፣ ለጎርፍ የሚነፋው ጡሩንባ ከለቅሶው እንዲለይ መስማማት፣ እነዚህ ሁሉ በአንድ እሑድ የዕድር ስብሰባ የሚያልቁ ነገሮች ናቸው። ዕድር እንደሌለ ቆጥሮ የሚታቀድ ሥራ ግን በየበሩ አይደርስም።

ጎረቤት ቀድሞ እንደሚደርስ ጎፋ አሳይቶናል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ የመሬት ናዳ ሰው ሲቀብር፣ ማሽን ሳይደርስ በእጃቸውና በመቆፈሪያ ሊያወጧቸው የሮጡት የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። ሁለተኛው ናዳ እነሱንም ቀበራቸው። ያ ሩጫ የሚወቀስ አይደለም፤ ሰው ወገኑ ተቀብሮ አይቆምም። «ቆዩ፣ መሬቱ ገና አልረጋም» ብሎ የሚያስቆም፣ ሰዉም የሚሰማው ሰው መኖር ነበረበት። እንዲህ ያለው ሰው ከከተማ እስኪመጣ አይጠበቅም። ከአካባቢው መካከል ቀድሞ መሠልጠን አለበት።

ዕድራችን እንከን የለበትም አልልም። ተከራዮች ብዙ ጊዜ አባል አይደሉም፤ ወንዙ ዳር የሚያድሩ የቀን ሠራተኞችም በመዝገባችን የሉም፤ ጎርፍ ሲመጣ ግን የመጀመሪያዎቹ ተጎጂዎች እነሱ ናቸው። ከዚህ የከፋው ደንባችን ነው፦ ገንዘብ የምናወጣው ሰው ከሞተ በኋላ ነው፤ ሰው እንዳይሞት ለባትሪና ለድምፅ ማጉያ አምስት ብር ለማውጣት አንቀጽ የለንም። ይህ መለወጥ አለበት። ሊለወጥም ይችላል፤ በኤች አይ ቪ ዘመን ብዙ ዕድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ሕሙማንንና ወላጅ አልባ ልጆችን ረድተዋል። ዘጋቢያችሁ ይህን ድክመት ቢጽፍብን አመሰግነው ነበር። የጻፈው ግን «የለም» ብሎ ነው።

ስለዚህ ማስተካከያውን በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን አውጡልን። ዘጋቢውም ተመልሶ ኃላፊውን ያነጋግር። ደንገጎ ላይ ሌሊት ከባድ ዝናብ ቢጥል የመጀመሪያው ስልክ ለማን እንደሚደወል፣ ያ ሰው ባያነሣ ሁለተኛው ለማን እንደሆነ፣ ከዚያስ መልእክቱ ለየዕድሩና ለየአፎሻው በስንት ደቂቃ እንደሚደርስ ይጠይቅና መልሱን ያትም። መልስ ከሌለም «መልስ የለም» ብሎ ያትመው። ብቻ ክረምቱ ሳይገባ ይሁን።

የዕድር ጸሐፊ፣ ከድሬዳዋ