በዘመነ ጽጌ ዘጌን ለማየት

ለውድ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን።

ከማኅበርተኞችሽ ጋር በዘመነ ጽጌ ባሕር ዳር መጥታችሁ የጣና ሐይቅን ገዳማት ለመሳለም ማሰባችሁን ሰማሁ፤ ደስ ይላል። ግን በአንድ ቀን ክብራንን፣ ዳጋን፣ ዘጌንና ጢስ ዓባይን አዳርሰን እንመለሳለን የምትሉት አይሆንም። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። ባለ ጀልባው ግን ሲዋዋል እነሱንም ቆጥሮ ነው ዋጋ የሚጠራው፤ ወንዶቹ ወርደው ሲሳለሙ እናንተ ጀልባ ላይ ፀሐይ ስትመታችሁ ትቆያላችሁ። ዳጋማ ሐይቁ መካከል ስለሆነ መንገዱ ብቻውን ቀኑን ይጨርሰዋል። ደሴት መርገጥ የግድ ካላችሁ ክብራን አጠገብ ያለችው እንጦስ ኢየሱስ ሴቶችን ትቀበላለች።

እኔ የምመክርሽ ሐይቁ ዳር ያለችውን ባሕረ ገብ ምድር ዘጌን፣ ከዘጌም የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ቤተ ክርስቲያን ነው። አንዱን ቤት ረጋ ብሎ ማየት አምስቱን ተሯሩጦ ከመሳለም ይሻላል። ጊዜ ከተረፈ አዝዋ ማርያም እዚያው ቅርብ ናት።

ቀኑን በደንብ ምረጡ። ጽጌ መስከረም 26 ገብቶ ኅዳር 5 ይወጣል። አደይ አበባ የሚደምቀው መስከረም ላይ ቢሆንም ያኔ የዘጌ መውጫ ገና ጭቃ ነው፤ ድንጋዩም አረንጓዴ ሽበት አውጥቶ ያንሸራትታል። ለአንቺ ጉልበት ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ያለው ይሻላል፤ አበባው ቢሳሳም መሬቱ ይደርቃል። እሑድን ተዉት፤ ማኅሌተ ጽጌ ሌሊቱን ሲቆም አድሮ ቅዳሴ ስለሚከተል ሰው ይጨናነቃል፣ የግድግዳውን ሥዕል ቆሞ ለማየትም አይመችም። ማኅሌቱን ፈልጋችሁ ከሆነ ግን ያው እሑድ ነው፣ ያን ጊዜ ሥዕሉን እርሱት። ረቡዕና ዓርብ ቅዳሴው እኩለ ቀን ገደማ ስለሚገባ ተጣድፋችሁ ትወጣላችሁ። ወር በገባ በ16 ደግሞ የኪዳነ ምሕረት ቀን ነው፤ ለበረከት ጥሩ፣ ለማየት ግን አይሆንም። ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ይሁን።

ጀልባው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይነሣ። ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣና ጣናን ያናውጠዋል፤ ትንሽ ጀልባ ውሃ ይረጫል፣ አንዳንዱም ሰው ያስመልሰዋል። መሄጃው አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ስትዋዋሉ ዋጋው የጀልባው ይሁን እንጂ በነፍስ ወከፍ አይሁን፤ የሚጠብቅበትን ሰዓትም ጨምራችሁ ተናገሩ፤ አለዚያ ስትመለሱ «ብዙ ቆያችሁ» ብሎ ይጨምራል። የሕይወት ማዳኛ ጃኬቱን ሳታጠልቁ እንዳትነሡ፤ ማሰሪያው የተበጠሰ ከሆነ አስቀይሩት። ሽንት ቤትም ከመሳፈራችሁ በፊት ግቡ። ሐይቁን የምትፈራ ካለች በመኪናም ይገባል።

ከወደቡ ወደ ዑራ ሽቅብ ነው፤ ሌላው ሰው በ20 ደቂቃ ቢወጣው አንቺ ግማሽ ሰዓት ያዢለት፣ መቋሚያሽንም አትርሺ። ይህ መንገድ ራሱ የአትክልት ቦታ ነው። ዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል ሆኖ የኖረ ምድር ስለሆነ ሌላው የጎጃም አገር ሲመነጠር ደኑ ተርፏል። ዋንዛውና ብርብራው ከላይ ያጠላል፣ ከሥሩ ቡናው አለ፣ በየጓሮው ጌሾና ሎሚ። አባቶች ሲተርኩ ጻድቁ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ላይ ሰብረው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ ይላሉ። በጥቅምት ቡናው ገና አረንጓዴ ፍሬ ነው። ነጩን አበባውን ማየት የምትፈልጊ ከሆነ መጋቢትና ሚያዝያ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ በኋላ ነው፤ እሱም ፈክቶ ሁለት ሦስት ቀን ነው የሚቆየው።

አሁን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ። ክብ ነው፤ ከውጭ ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቀጥሎ ቅድስቱ፣ መካከል ላይ አራት ማዕዘን የሆነው መቅደስ። ሥዕሉ ያለው በመቅደሱ አራት ግድግዳ ላይ ነው። ውስጡ ጨለማ ስለሆነ ብርሃኑን ተከተሉ፤ ጠዋት ከምሥራቁ ጀምሩ፣ የውጩን በር እንዲከፍቱላችሁም አባን ለምኑ። በምዕራቡ በኩል በሮቹ ላይ ሰይፍ የመዘዙትን ሊቃነ መላእክት ለመጨረሻ ተዉአቸው።

ስታዪ ዓይን ዓይናቸውን እዪ። ጻድቅ ፊቱ ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይኑ ያይሻል፤ ክፉው ደግሞ በጎን ተስሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። ይህን ከያዝሽ ታሪኩን የሚነግርሽ ባይኖር እንኳ ማን ማን እንደሆነ ትለያለሽ። በላዔ ሰብእን ፈልጊው። 78 ነፍስ መብላቱን፣ ስለ እመቤታችን ብሎ ለተጠማው እፍኝ ውሃ መስጠቱን፣ ነፍሱ በሚዛን ስትመዘንም እመቤታችን ጥላዋን በውሃው ላይ አሳርፋ ማዳኗን አንቺ ከኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ፤ ሚዛኑና የእመቤታችን ጥላ እንዴት እንደተሳሉ ቀረብ ብለሽ ተመልከቺ።

ቀረብ ስትዪ ግን እጅሽ እንዳያርፍበት። ሥዕሉ ጭቃው ላይ በቀጥታ የተሳለ አይደለም፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ነው። ጣራ ሲያፈስ ውሃው ከጨርቁ ኋላ ይገባና ማጣበቂያው ይለቃል፤ ጨርቁ ይነፋል፣ ቀለሙም እየተሰነጣጠቀ ይረግፋል። የታችኛው ረድፍ ደግሞ በምእመናን እጅና ትከሻ ነው የሚደበዝዘው። መሳለም ከሆነ መቃኑ ይበቃል። ጧፍም ወደ ሥዕሉ አታስጠጉ። ልጆቹ በስልክ ሲያነሡ ፍላሹን ያጥፉት።

ጫማሽ በቀላሉ የሚወልቅ ይሁን። ካልሲም አድርጊ፤ ምንጣፉ ቁንጫ አያጣውም (አባቶች አይስሙኝ)። ለመግቢያ፣ ለሙዳየ ምጽዋትና ለመሪው ዝርዝር ብር ያዙ። መንገድ ላይ በብራና የተሳለ ሥዕል የሚሸጡ ብዙ ናቸው፤ የምትገዙ ከሆነ ስትመለሱ ግዙ፣ ሽቅብ ተሸክማችሁ አትድከሙ።

ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ላለው የጃንሆይ ቤተ መንግሥት ከሰዓት በኋላ ትንሽ ጊዜ ይበቃዋል፤ ዋናው ከዚያ ሆኖ ዓባይን ቁልቁል ማየት ነው። ጢስ ዓባይ ሌላ ቀን ይፈልጋል። እቴጌ እሌኒ ያሠሯት ቤተ ክርስቲያን መርጡለ ማርያም ደግሞ የባሕር ዳር ጉዞ አካል አይደለችም፤ በምሥራቅ ጎጃም በኩል ለብቻዋ ነው የምትታሰበው። የድንጋዩ የአበባ ቅርጽ ግን መንገዱን የሚያስረሳ ነው።

ከመነሣታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቁ። ስንት ሰው እንደምትሆኑና ቀኑን ቀድመሽ ንገሪኝ፣ ጀልባውን እኔ እዋዋላለሁ።

ልጅሽ
ከባሕር ዳር