የ50 ኪሎዋት ሰዓቱ እርከን ለአንድ ቤት ምጣድ አይበቃም

ክቡር አዘጋጅ፦

ስለ ድንጋይ ከሰል ማመንጫዎች መዘጋት በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው አውሮፓውያን የድንጋይ ከሰል ማመንጫዎቻቸውን እየዘጉ ወደ ነፋስና ፀሐይ በመዞራቸው ሕዝባቸውን ለውድ መብራት ዳረጉት ይላሉ። እኛም በከርሰ ምድራችን ያለውን የድንጋይ ከሰል ትተን ለምን ውዱን መንገድ እንይዛለን ሲሉ ይጠይቃሉ። እኔ ኮምቦልቻ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ምድጃና ካውያ እየጠገንኩ የምኖር ሰው ነኝ። የኃይል ዋጋ ጉዳይ በየቀኑ ሱቄ ድረስ ስለሚመጣ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አስቀድሜ ስለ ውጭው ልበል። እንግሊዝ የመጨረሻውን የድንጋይ ከሰል ማመንጫ፣ ራትክሊፍን፣ የዘጋችው መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1882 ለንደን ላይ የመጀመሪያው ከተከፈተ 142 ዓመት ሆኖት ነበር ማለት ነው። ይሁን እንጂ እዚያ የመብራት ክፍያ ጣሪያ የነካው ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ ነው፤ ዋናው ምክንያትም የዩክሬን ጦርነት በማመንጫዎች የሚነደውን የተፈጥሮ ጋዝ ዋጋ ማናሩ ነበር። የፀሐይ ኃይልን ብንወስድ፣ ከ2010 እስከ 2023 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ በዓለም ላይ የማመንጫ ወጪው በ90 በመቶ ገደማ ወርዷል። ነፋስ፣ ፀሐይና ውሃ ገንዘቡን ከፊት ይጠይቃሉ፤ ከተተከሉ በኋላ ግን ነዳጅ አይገዛላቸውም። የድንጋይ ከሰል ማመንጫ ዕድሜውን ሙሉ በየቀኑ መቀለብ አለበት። ጎረቤታችን ኬንያ እንኳ ላሙ ላይ ሊሠራ የነበረውን የድንጋይ ከሰል ማመንጫ ፈቃድ በ2019 እ.ኤ.አ. ሰርዛ ፊቷን ወደ ከርሰ ምድር እንፋሎትና ነፋስ ማዞሯ ይታወቃል።

እኛ አገር ደግሞ የሚዘጋ የድንጋይ ከሰል ማመንጫ የለም። የድንጋይ ከሰል የሚነደው በሲሚንቶ ፋብሪካዎች ነው። መብራታችን ከሞላ ጎደል የውሃ ነው፤ አሸጎዳና አዳማን የመሳሰሉ የነፋስ ጣቢያዎች ይደግፉታል። በየቤቱ የሚነደው ግን እንጨት፣ ኩበትና የእንጨት ከሰል ነው። አገሪቱ ከምትጠቀመው ኃይል ሁሉ ከአሥር እጅ ዘጠኙ የሚጠጋው ከዚህ ይመጣል። ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ ቁጭ ብዬ ስለ ማመንጫ መዘጋት ሳነብ ትዝ የሚለኝ ጉልቻ ነው። እኛ ልንዘጋው የሚገባን እሱ ነበር፤ እየተከፈተ ግን አያለሁ።

ባለፈው ወር አንዲት እናት በባጃጅ ምጣድ ይዘው መጡ። ደንበኛዬ ናቸው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ለሚሠሩና ቤት ተከራይተው አራት አምስት ሆነው ለሚኖሩ ልጃገረዶች እንጀራ ጋግረው ያቀርባሉ። ሪዚስታንሱ የተቃጠለ መስሎኝ ምጣዱን ገልብጬ ቴስተር አስገባሁ፤ ሽቦው ደህና ነው። «እማማ፣ ምንም አልሆነም እኮ» አልኳቸው። «አውቃለሁ ልጄ። ገዢ ካገኘህ ሽጥልኝ ብዬ ነው» አሉኝ። እጃቸውን ሳይ ጣቶቻቸው ጠቁረዋል፣ ነጠላቸው ጢስ ጢስ ይላል። ወደ ጭራሮና ባሕር ዛፍ ከተመለሱ ሁለት ወር አልፏቸዋል።

ለምን እንደሆነ በቁጥር ላስረዳ፤ ክርክሩ ሁሉ የጎደለው ይህ ሒሳብ ነውና። በየቤቱ ያለው ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። አንድ መካከለኛ ቤተሰብ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ቢጋግር በወር ዘጠኝ ጊዜ ያህል ይሆናል። 3.5 በ1.5፣ እሱ በ9 ሲባዛ 47 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል። በታሪፉ ዝቅተኛው የመኖሪያ ቤት እርከን 50 ኪሎዋት ሰዓት ላይ ያበቃል። እንጀራው ብቻውን እርከኑን ጨረሰው ማለት ነው። አምፖሉ፣ ቴሌቪዥኑ፣ የስልክ ቻርጀሩ ሲጨመር ቤቱ ዋጋው ከፍ ወዳለው ቀጣይ እርከን ይገባል። ማቀዝቀዣ ያለው ደግሞ የበለጠ ይርቃል። ያ እርከን ሲሰመር ለአምፖልና ለሬዲዮ ታስቦ ከሆነ ይገባኛል፤ ግን ኢትዮጵያዊ ቤት ውስጥ ትልቁ ኃይል የሚሄደው ለእንጀራ እንደሆነ ማን ያጣዋል? ለገበያ የሚጋግሩት እናት ደግሞ ሦስት አራት እርከን ዘለው የሚከፍሉ ናቸው።

አዲሱ ታሪፍ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ለአራት ዓመት እንዲዘልቅ ሆኖ የጀመረው መስከረም 2017 ዓ.ም. ነው። ልብ በሉ፣ ራትክሊፍ በተዘጋበት በዚያው ወር። ታሪፉ ምንም መጨመር አልነበረበትም አልልም። ግድብና መስመር የሚሠራው በብድር ነው፤ ብድሩ በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ከተለወጠ ወዲህ ያው ዕዳ በብር ሲታሰብ እጅግ ከብዷል። ከማመንጫ ወጪ በታች የተሸጠ መብራት መጨረሻው የተበላሸ መስመር ነው። እኔም ሥራዬ ከመብራት ጋር ስለሆነ ይህ ይገባኛል። ግን ጭማሪው የትኛው ጓዳ ላይ እንዳረፈ ይታይ ነው የምለው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ያን ለመሥራት እኒህ እናትም ቦንድ ገዝተዋል፤ ደረሰኙን ሳይቀር አሳይተውኛል።

ሌላም ነገር አለ፤ ከታሪፉ ያላነሰ የሚያቃጥለኝ። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን በእኛ ሰፈር የመስመሩን ቮልቴጅ ስለካ 180 ቮልት የማገኝበት ቀን ብዙ ነው። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ ያ 3,500 ዋት ምጣድ የሚሰጠው 2,300 ዋት ገደማ ብቻ ነው፤ ሲሶው ሙቀት ጠፋ። ምጣዱ በደንብ አይግልም። ሊጡ ሲፈስበት እንጀራው ዓይን አያወጣም፤ ጥፍንግ ብሎ ይቀራል፤ ሲያነሱትም ይቀደዳል። ሁለት ደቂቃ የሚበቃው አምስት ደቂቃ አክንባሎ ሥር ይቆያል፤ ያን ሁሉ ጊዜ ምጣዱ ሙቀቱን ለአየር እየሰጠ ቆጣሪው ይሽከረከራል። ደንበኛው ዕቃው የተበላሸ መስሎት ወደ እኔ ይመጣል። ሽቦ ቀይሬ ገንዘቡን ልቀበለው እችል ነበር፤ አላደርገውም። ከአቅሙ በላይ ተጭኖበት ቮልቴጁን የሚያዳክመው ትራንስፎርመር እንዲቀየርልን ፈርመን ማመልከቻ ካስገባን ዓመት አልፎናል። ስለ ነፋስና ስለ ድንጋይ ከሰል ዋጋ ስንከራከር ይህን የትራንስፎርመር ዋጋ የሚያነሳ ሰው አላየሁም። ኃይሉ ከግድቡ በርካሽ ቢወጣም ጓዳ ሲደርስ የሚወደደው አንዱ በዚህ ነው።

ደሴ የሚመላለስ ሰው ጠዋት ጠዋት ከጦሳ ተራራ በኩል እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ያውቃል። ጎንበስ ብለው፣ ጭነቱ ከወገባቸው ሰፍቶ፣ ከመኪና ለመሸሽ ዳር ዳር እያሉ። ምጣዱ ወደ መብራት ይመለስ ስል የእነሱ እንጀራ ምን ይሆናል የሚለውም አይቀርም። ደቡብ አፍሪካ በ2022 እ.ኤ.አ. ኮማቲ የተባለውን አሮጌ የድንጋይ ከሰል ማመንጫ ስትዘጋ በአካባቢው የነበረው ሕዝብ አስቀድሞ ምትክ ሥራ አልተዘጋጀልንም ብሎ ብዙ አማርሯል። እነዚህን እናቶች ያሰበ ዕቅድ አብሮ ካልመጣ ያው ስህተት እኛም ጋ ይደገማል፤ ሸክማቸው ሲቀርላቸው ገቢያቸውም አብሮ ሊቀር አይገባም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ታሪፉን የሚወስነው ክፍል ዝቅተኛውን እርከን ከ50 ወደ 100 ኪሎዋት ሰዓት ከፍ ያድርገው፤ አለዚያ ደግሞ ለመጋገሪያ የሚሆን ረከስ ያለ ሰዓት ይመድብ። ሌሊትና ማለዳ የኃይል ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ እናቶቻችንም እንደሆነ ሱብሂ ሳይሰገድ፣ ቅዳሴ ሳይገባ ሊጥ ሲያሰናዱ የኖሩ ናቸው። ሁለተኛ፣ ለአዲስ ማመንጫ ከሚመደበው ገንዘብ ጥቂቱ ለየሰፈሩ ትራንስፎርመርና ለቀጫጭኑ መስመር ይዋል። የእናንተ ጋዜጣም ስለ ኃይል ዋጋ በሚቀጥለው ጊዜ ሲጽፍ አንድ ጋዜጠኛ ልኮ እዚህ ሰፈር አንድ ቀን ማታ ያሳልፍ። ቴስተሩን ይዤ ቤት ለቤት አብሬው እዞራለሁ።

የእማማ ምጣድ ሱቄ ውስጥ ከግድግዳው ተደግፎ ቆሟል። ሁለት ሰው ዋጋ ጠይቆኝ ነበር። ትንሽ ይቆይ ብዬ መለስኳቸው።

የኤሌክትሪክ ዕቃ ጠጋኝ
ከኮምቦልቻ
(ስሜና አድራሻዬ ለዝግጅት ክፍሉ ተገልጿል)