በጤና መድን ላይ ሌላ መድን ከመደረብ በፊት

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ የጅማ ነጋዴ «የግል መድን ልጨምርበት ወይ?» ሲል፣ መጀመሪያ በእጁ ያለው መድን ምን እንደማይሸፍን ይወቅ።

ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር አንዷ የዞናችን ሊሙ ኮሳ ነበረች፤ ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። ዛሬም ግን ብዙ ሰው ቅደም ተከተሉን ይስታል። ሕክምናው ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ ወደ ሸነን ጊቤ ሆስፒታልም ሆነ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሚኬደው በሪፈር ነው። ድንገተኛ ሳይሆን ሪፈር ዘሎ የሄደ ከኪሱ ያወጣል፤ ይህን ወጪ ለማምለጥ ሲባል ሌላ መድን መግዛት ያሳዝናል።

ዋናው ክፍተት መድኃኒት ነው። የታዘዘው ከተቋሙ ፋርማሲ ሲጠፋ ማዘዣው ተይዞ ወደ ግል ፋርማሲ ይኬዳል፤ ፋርማሲው ከመድኑ ጋር ውል ከሌለው የአባልነት መታወቂያው አያገለግልም። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና የውጭ አገር ሕክምናም አይሸፈኑም።

የግል ፖሊሲ (የመድን ውል) ይህን ይሞላል? በአገራችን በዋናነት የሚሸጠው ለቡድን፣ በአሠሪ በኩል ነው። ለማንኛውም ከመፈረም በፊት በጅማ ውል ያላቸውን ጤና ተቋማት ዝርዝር በጽሑፍ ይጠይቁ። ሁሉም አዲስ አበባ ከሆኑ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ነው የሚታከሙት።

ቀጥሎ ጣሪያው፣ ማለትም መድኑ የሚከፍለው ከፍተኛ መጠን ነው። ዓመታዊው ጣሪያ 100,000 ብር ተብሎ ቢጻፍ እንኳ ከሥሩ ለቀዶ ሕክምና 20,000 ብር ብቻ ሊፈቀድ ይችላል። የታካሚው ድርሻ 20 በመቶ ቢሆን፣ በ30,000 ብር ቀዶ ሕክምና መድኑ ከ20,000ው ላይ 16,000 ይከፍላል፤ 14,000 ብር በእርስዎ ላይ ይወድቃል። ሻጩን ይህን ስሌት ወረቀት ላይ እንዲሠራልዎ ያድርጉ።

ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው «ከውሉ በፊት የነበረ ሕመም» የሚለውን አንቀጽ ይፈልግ። ካለና የወር መድኃኒቱን ካስቀረበት፣ አረቦኑን (ለመድኑ የሚከፍለውን ገንዘብ) ለመድኃኒቱ ቢያስቀምጠው ይሻለዋል ባዮች ነን። ሕመሙን ደብቆ መፈረም ግን የባሰ ነው፤ የካሳ ጥያቄው ውድቅ ይሆናል። ለእርግዝናም የመጠበቂያ ጊዜ (ሽፋኑ ሳይጀምር የሚቆይበት ጊዜ) ሊኖር ስለሚችል አስቀድሞ ይጠየቅ።

የግሉን የገዛም ቢሆን የማህበረሰቡን መዋጮ ማደስ አይተው። የእድሳት ወቅት ካመለጠ መታወቂያው ይቆማል፤ በመሃል የታመመ የቤተሰብ አባል ሙሉ ወጪ ይጠብቀዋል።

ከአክብሮት ጋር፣ ከጅማ